የሰፈር ፓርክ ውስጥ ቅርጻ ቅርጽ ማሰራት ያሰባችሁ ኮሚቴዎች ይቺን አንብቡ

ቀራጺ ነኝ፣ ሰሞኑን አዲስ አበባ ዳር ካሉት የኮንዶሚኒየም ሳይቶች፣ ከኮዬ ፈጬም ከቱሉ ዲምቱም ከቦሌ አራብሳም የሚደውልልኝ ኮሚቴ በዝቷል። ግሪን ኤሪያው ይታጠራል፣ ሳር ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይገባል፣ ከዛ አንዱ ተነስቶ "መሃሉ ላይ የሆነ ነገር ይቁምበት እንጂ" ይላል፣ ሁሉም ይስማማል፣ ስልክ ይደወልልኛል፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ደግሞ ሁሌም ያው ነው፦ "በሜትር ስንት ነው የምትሰራው?"

በሜትር የለም ወገን። አንድን ቅርጽ ቁመቱን እጥፍ ስታደርጉት ወርዱም ጥልቀቱም አብሮ ያድጋል፣ ስለዚ የሚለሰነውና የሚቀባው ገጽ 4 እጥፍ ይሆናል፣ ውስጡ ድፍን ከሆነ ደግሞ የሚበላው ማቴሪያል 8 እጥፍ ነው። የ2 ሜትሩን ዋጋ በሁለት አባዝቶ ባለ 4 ሜትር የሚሰራላችሁ ሰው ካገኛችሁ አንድ ቦታ ላይ ፌሮ (ኮንክሪት ውስጥ የሚገባውን ብረት) ቀንሷል ማለት ነው። የብሩን ነገር በኋላ እንመጣበታለን፣ እኔ በዚህ ሙያ ስለምኖር በደንብ የማውቀው ነገር ቢኖር ቀራጺው ከመጠራቱ በፊትና ስራው ከተመረቀ በኋላ ያለው ጣጣ ከቅርጹ ከራሱ እንደሚበልጥ ነው፣ አብዛኛው ኮሚቴ ግን ጭንቀቱን ሁሉ ቅርጹ ላይ ያውለዋል።

መጀመሪያ መሬቱ። ነዋሪው ስላጠረውና ስላለማው ብቻ የነዋሪው ነው ማለት አይደለም። ኮንዶሚኒየም ሳይት ውስጥ ያለ ክፍት ቦታ አንዳንዱ የጋራ መጠቀሚያ ነው፣ አንዳንዱ በፕላን ላይ አረንጓዴ ቦታ ተብሎ የተያዘ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ዛሬ ሳር ያለበት ነገ መንገድ የሚያልፍበት ነው። ወረዳ ሂዱና ቦታው በፕላን ምን ተብሎ እንደተያዘ አጣሩ፣ ከስሩ የውሃ ወይ የፍሳሽ ቱቦ ካለ፣ ከላይ የመብራት መስመር ካለ ጠይቁ። መልሱን በቃል እንዳትቀበሉ። "ችግር የለውም ስሩ" ያላችሁ ሃላፊ በወሩ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ደግሞ የሚያየው ማህተም ነው። ደብዳቤው ላይ ቦታው ከነስኬቹ፣ ግምታዊ ቁመቱ፣ የመሰረት ቁፋሮ መፈቀዱ ይጻፍበት።

ማካበድ ለሚመስላችሁ፣ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳን በ2005 ለቀላል ባቡር ግንባታ ተነስቶ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጦ ነው በ2008 ወደ ቦታው የተመለሰው። ያ የሰማዕት ሐውልት ስለሆነ በክብር ተነሳ በክብር ተመለሰ፣ የእናንተን ሰፈር ቀጭኔ ግን ዶዘር ሲመጣ ማን ያነሳላታል? ስለዚ ከመጀመሪያው መነሳት እንዲችል ተደርጎ ይሰራ፣ ከመሰረቱ ጋር በብሎን የሚታሰር፣ ክሬን የሚይዝበት መንጠቆ ወይም ቀዳዳ ያለው። ሲሰራ ይሄ ነው የሚባል ወጪ የለውም፣ በኋላ ልጨምር ብትሉ ግን አይቻልም።

ቀጥሎ ሰዉ። እዚ ጋ ብዙ ጊዜ ወስዳችሁ ብትነጋገሩ አይቆጫችሁም። በግሩፕ ላይ "ጀበና ወይስ አንበሳ" ብሎ ድምጽ ማሰጠት ግን ውይይት አይደለም፣ ማታ ስልክ ላይ የነበረ ሰው ይወስንና የቀረው ጠዋት ሲነሳ ይናደዳል። እድሩ ሲሰበሰብ አንሱት፣ ከኮንዶሚኒየሙ በፊት እዛ መሬት ላይ ሲያርሱ የነበሩ አባቶችና እናቶች በአካባቢው ካሉ ሄዳችሁ አማክሯቸው፣ ቦታውን ከናንተ በላይ ያውቁታል፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በየት እንደሚሄድ ጭምር። የሃይማኖት አባቶችንም ቀድማችሁ አናግሩ። ቤተክርስቲያናችን ስዕል እንጂ የቆመ ምስል ልማዷ አይደለም፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የሰውና የእንስሳ ምስል ላይ የራሳቸው ጥንቃቄ አላቸው፣ ስለዚ የሰው ቅርጽ ልታቆሙ ስትሉ "ጣዖት ነው" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው ሃሳቡን በጊዜ ከተናገረ ውይይት ነው፣ መሰረቱ ከተቆፈረ በኋላ ከተናገረ ግን ጠብ ነው።

የሰው ቅርጽ ካነሳን አይቀር፣ የታወቀ ሰው ሐውልት ለሰፈር ፓርክ አይመከርም ባይ ነኝ። ከተማችን ይሄን በደንብ አይታዋለች። የአራዳውን የምኒልክ ሐውልት ጣሊያን ነቅሎ ቀብሮት ከነጻነት በኋላ ነው ተመልሶ የቆመው። የሌኒን ሐውልት ደግሞ ቆሞ አስር አመት ሳይሞላው ግንቦት 1983 ላይ ወረደ። አገር የሚጨቃጨቅበትን ነገር የመጫወቻ ቦታ መሃል ማምጣት ምን ይሉታል? ጀበናና ስኒም ይብቃን፣ በየከተማው አደባባይ ላይ ቡና ቀርቦ አልቋል። ቅርጹ የግድ የሆነን ነገር መምሰል የለበትም እኮ፣ ልጅ የሚንጠላጠልበት፣ ሽማግሌ የሚደገፈው፣ እናት ልጇን ይዛ የምትቀመጥበት የተጠማዘዘ ድንጋይም ቅርጻ ቅርጽ ነው። ወይም ከግድግዳ ወይም ከአምድ ላይ ብቅ ያለ ምስል። 6 ኪሎ የየካቲት 12ን ሐውልት ዙሩና የነሐስ ምስሎቹን ቀረብ ብላችሁ እዩ፣ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሚባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጺዎች የሰሯቸው ናቸው፣ ታሪኩ በአምዱ ገጽ ላይ ነው ያለው። የናንተ እንደዛ ከባድ ሃዘን መሸከም የለበትም፣ ዘዴውን ግን ውሰዱ፣ ዙሪያውን ከተቀረጸው ይቀላል፣ ሲቆምም ብዙ ክርክር አያስነሳም።

አሁን ቀራጺ መፈለግ ይቻላል። በ1950 የተከፈተው የአለ ፈለገሰላም ስነጥበብ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስር አለ፣ ቅርጻ ቅርጽ ክፍሉ ጋ ጎራ ብላችሁ ተመራቂዎችን አጠያይቁ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ይመሯችኋል። የሰራውን ስራ ስታዩ ግን አዲሱን አትዩ፣ በምርቃቱ ቀን የተነሳ ፎቶ ላይ ሁሉም ያምራል፣ ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፈበትን ስራ ቦታው ድረስ ሄዳችሁ እዩ፣ ስንጥቅ ካለ፣ ከስሩ ቡናማ ዝገት የሚያነባ ከሆነ፣ ቀለሙ ከተላጠ እዛው ይነግራችኋል።

ከዛ ከቴሌግራም ያወረዳችሁትን የዱባይ ፎቶ ልካችሁ "እንደዚ አይነት" አትበሉ። አንድ ገጽ ጻፉ። ቦታው የት እንደሆነ፣ ከአራቱም አቅጣጫ የተነሳ ፎቶ፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ምን እንደማትፈልጉ (ይሄ ከምትፈልጉት በላይ ይጠቅማል)፣ መቼ እንዲያልቅ፣ እና ብሩ። ብሩን የሚደብቅ ኮሚቴ አይገባኝም፣ 400 ሺ ብር ያለው ሰው 400 ሺ አለኝ ይበል፣ ቀራጺው በዛ ብር ምን ጥሩ ነገር እንደሚወጣ ያስባል፣ ካልነገራችሁት የማይሰራ ህልም ስሎ ያመጣላችሁና ከዛ መቁረጥ ይጀመራል፣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ደግሞ ሁሌም መሰረቱ ነው። ሁለት ሶስት ቀራጺ ጋብዛችሁ እያንዳንዳቸው ማኬት እንዲያመጡ አድርጉ፣ በ10 እጥፍ ያነሰች ሞዴል፣ በጭቃ ወይ በጄሶ። ለማኬቷ ክፈሉ፣ ያልተመረጠውም ይከፈለው። በነጻ "ሃሳብ አምጡ" ብሎ ሰብስቦ የአንዱን ሃሳብ ለሌላው በርካሽ ማሰራት ነውር ነው፣ እየተደረገም ስለሆነ ነው የምናገረው።

ማኬት ከተመረጠ በኋላ ብዙ ሰው የማያደርጋት አንድ ነገር አለች፣ ቅርጹን በትክክለኛ ቁመቱ በእንጨትና በካርቶን ወይም በማዳበሪያ ጆንያ ሰርታችሁ ቦታው ላይ አንድ ሳምንት አቁሙት። ያኔ ነው ከበሩ ሲገባ እንደማይታይ፣ ወይም የህጻናቱን መሮጫ እንደዘጋ የሚታወቀው። ደግሞ ኮንዶሚኒየም ጂ+4 ወይም ከዛ በላይ ነው፣ ግማሹ ነዋሪ ቅርጹን የሚያየው ከበረንዳው ቁልቁል ነው፣ ቀራጺው ስቱዲዮ ውስጥ ፊት ለፊት ነው የሚያየው፣ አናቱንም ጀርባውንም የሚያስብለት የለም። ብሎክ ሙሉ ሰው ጠዋት ጠዋት መጋረጃ ሲከፍት የሆነ እንስሳ የኋላ መቀመጫ የሚያይ ከሆነ ስትማረሩ ትኖራላችሁ። አራተኛ ፎቅ ወጥታችሁ እዩት በቃ።

ማቴሪያል ላይ ሁሉም ሰው ነሐስ ይላል። ነሐስ አብዛኛው መዳብ ነው፣ ለማቅለጥ ወደ 1,000 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ ጭቃው ከተሰራ በኋላ ሞልድ (ቅርጹ የሚገለበጥበት እቃ)፣ ከዛ ሰም፣ ከዛ ሰሙን የሚተካ ነሐስ እያለ የሚሄድ ረጅም ስራ ነው፣ ዋጋውም እንደዛው። ሲያልቅ ደግሞ ቆራሌው አለ። የመብራት ገመድ ቆርጦ መዳቡን የሚሸጥ ሰው ባለበት ከተማ ዳር ላይ ያለ ጥበቃ ነሐስ ማቆም ለሌባ እንደመቆጠብ ነው።

ኮንክሪት በጣም የተለመደው ነው፣ ጥሩም ነው በአግባቡ ከተሰራ። የሚገድለው ፌሮው ነው። ፌሮ ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ ከ2 እስከ 6 እጥፍ ቦታ ይፈልጋል፣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ የበለጠ ይዝጋል፣ እንደዛ እያለ ጣት ይወድቃል ጆሮ ይወድቃል። ስለዚ ፌሮው ላይ ቢያንስ 4 ሴንቲ ኮንክሪት ይልበስ፣ ቀጫጭን ነገር (ጣት፣ ቀንድ፣ የወፍ እግር) በኮንክሪት አታሰሩ፣ ስስ የሆነ ቦታ ላይ 4 ሴንቲ ከየት ይመጣል። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፣ ክብደት ከመሸከሙ በፊት 28 ቀን ይቆይ፣ "ለበዓል ይድረስልን" ብላችሁ አታጣድፉ።

የብረት ብየዳ፣ ከመርካቶው ምናለሽ ተራ በሚገኝ ቁርጥራጭ የሚሰራው፣ ጎበዝ እጅ ላይ ሲገባ በጣም ያምራል። ስስ ላሜራ አይሁን፣ ከ3 ሚሊ በታች የሆነ ቶሎ ይበሳሳል። ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ካለበት ውስጡ ውሃ እንዳይተኛ ከስሩ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይኑረው፣ ከመቀባቱ በፊት ዝገቱ በግራይንደር ይጽዳ፣ አንቲረስት ይቀባ፣ ስለታም ጠርዝ ሁሉ ይሞረድ። ፋይበር ግላስ ቀላል ነው ርካሽም ነው፣ ግን እኛ ከባህር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ ጸሃዩ ያነጣዋል፣ ልጆች በድንጋይ ሲመቱት ይሰበራል፣ ላዩ ላይ ወርቃማ ቀለም ሲቀባ ደግሞ የሰርግ አዳራሽ ዲኮር ይመስላል። የኔ ምርጫ ድንጋይ ነው። ጥቁር ድንጋይ ከከተማው ዙሪያ ከየካባው ይወጣል፣ ጥርብ ድንጋይ የሚሰሩ ጠራቢዎች እዛው ዳር ዳሩን አሉ፣ ቀራጺው ቅርጹን ይዞ ከነሱ ጋር ሲሰራ ብሩም እዛው ሰፈር ይቀራል፣ አይዝግም፣ አይሰረቅም፣ ልጅ ቢወጣበት ቢወርድበት አይጎዳም።

ልጅ ደግሞ ይወጣበታል። "መውጣት ክልክል ነው" የሚል ታርጋ ለጥበቃው የቀን ውሎ ጭቅጭቅ ከመፍጠር ውጪ ጥቅም የለውም፣ እንደሚወጡበት አስባችሁ አሰሩት። ከ9 ሴንቲ የሰፋ ከ23 ሴንቲ የጠበበ ክፍተት አይኑረው፣ የልጅ ሰውነት አልፎ ጭንቅላት የሚይዘው እሱ ነው። ከ60 ሴንቲ በላይ ከፍታ የሚወጣበት ከሆነ ዙሪያው ኮብልስቶን አይሁን፣ አሸዋ ወይም ሳር ይሁን።

መሰረቱ ጋ ስንመጣ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ፣ አቃቂ አካባቢ ያላችሁ ይሄን ሁለቴ አንብቡት። ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰራል፣ ላዩ ላይ ያረፈውን ነገር በየአመቱ ያነሳዋል ያወርደዋል። አጥራችሁ ለምን እንደተሰነጠቀ አሁን ገባችሁ አይደል። ቅርጹን ጥቁር አፈር ላይ አታሳርፉት፣ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ይቆፈር፣ በጣም ከራቀ ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በገረጋንቲ (ውሃ ሲነካው በማያብጥ የሙሌት አፈር) እየተጠቀጠቀ ይሞላ፣ ስንት ሜትር እንደሚወርድ ቀራጺው ሳይሆን ሲቪል መሃንዲስ ይወስን (ከነዋሪው መሃል አንድ መሃንዲስ አይጠፋም፣ ለምኑት)። ዙሪያው ውሃ ወደ ውጪ እንዲሸሽ ተዳፋት ይኑረው፣ ባህር ዛፍ አጠገቡ አትትከሉ፣ ውሃውን መጥጦ አፈሩን ያደርቀዋል። ብረት ከሆነና ሜዳ ላይ ብቻውን ረዝሞ የሚቆም ከሆነ መብረቅ ስላለ አርዝ (መብረቁን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) ይደረግለት። ጊዜውም አለ፦ ቁፋሮና ሙሌት ከጥቅምት በኋላ፣ መትከሉ ከግንቦት በፊት ይለቅ። ሐምሌ ላይ ጥቁር አፈር የሚቆፍር ሰው ጉድጓድ ሳይሆን ኩሬ ነው የሚያገኘው።

ብርና ውል። ብሩ በአንድ ሰው አካውንት አይሰብሰብ፣ ሶስት ፈራሚ ያለበት ሂሳብ ይከፈት፣ ወጪው ከነደረሰኙ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ይሄን የማያደርግ ኮሚቴ ሌላ ስራ ሁሉ ጥሩ ቢሰራ መታማቱ አይቀርም። ለቀራጺው በየደረጃው ክፈሉ፣ ለምሳሌ ውል ሲፈረም 30 ከመቶ፣ ቅርጹ ስቱዲዮ ውስጥ ቅርጽ ሲይዝና ኮሚቴው አይቶ ሲያጸድቅ 30፣ ቦታው ላይ ሲተከል 30፣ የቀረው 10 አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ የፌሮና የቀለም ዋጋ ከወር ወር ስለማይታመን ዋና ዋናው ማቴሪያል በመጀመሪያው ክፍያ ተገዝቶ እንዲቀመጥ ውሉ ላይ ይግባ፣ ካልሆነ ማን ጭማሪውን እንደሚሸፍን በግልጽ ጻፉ። ትራንስፖርትና ክሬን በማን ሂሳብ እንደሆነ፣ መሰረቱን ማን እንደሚሰራ፣ ስራ ላይ ሰው ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም፣ ሁሉም ይጻፍ።

የቅጂ መብትም አለ፣ አዋጅ 410/1996። ቅርጹ የናንተ ቢሆንም የሰራው ሰው ስሙ እንዲጠቀስና ስራው ክብሩን በሚነካ መንገድ እንዳይበላሽ የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚ ያለፈቃዱ በሌላ ቀለም አትቀቡት፣ ሞልዱ የማን እንደሚሆንና ተመሳሳዩን ጀሞ ላይ ደግሞ ማቆም ይችል እንደሆነ ቀድማችሁ ተስማሙ። ስፖንሰር ከተገኘ እሰየው፣ ግን የሎጎው መጠን ከፍተኛው ስንት ሴንቲ እንደሆነ ጻፉ፣ አለበለዚያ የቢራ ማስታወቂያ ላይ የተደገፈች እርግብ ነው የሚኖራችሁ።

የሚተከልበት ቀን ጠዋት ይሁን፣ ክሬኑ የግቢውን በር ያልፍ እንደሆነ ቀድሞ ይለካ፣ መንገዱ ላይ የተንጠለጠለ ገመድ ካለ ይታይ፣ ልጆች ይራቁ። ሌላ ብዙ የሚባል የለውም።

ከምርቃቱ በኋላ ያለው ነው ሁሌም የሚረሳው። አንድ ሰው በስሙ ሃላፊ ይሁን፣ "ኮሚቴው ይከታተላል" ማለት ማንም አይከታተልም ማለት ነው። ጥበቃው ጠዋት ሲዞር እንዲያየው፣ መስከረም ላይ አንዴ በውሃና በለስላሳ ብሩሽ እንዲታጠብ (በረኪና እንዳይነካው)፣ ብረት ከሆነ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ዝገት ሳይዘው እንዲነካካ አድርጉ። ባነር ለመስቀል ሚስማር የሚመታበትን ሰው አስቁሙት። ለጥገና በየአመቱ ከመዋጮው ላይ ትንሽ ብር ለይታችሁ አስቀምጡ።

ቀራጺው ስራውን ሲያስረክብ ወረቀት አብሮ ያስረክብ፦ የተጠቀመው ሲሚንቶ አይነት፣ የቀለሙ ስምና ቁጥር፣ የመሰረቱ ስዕል፣ ብሎኖቹ የት እንዳሉ፣ ክሬን የሚይዘው ከየት እንደሆነ። ከወረዳው ደብዳቤና ከውሉ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ይግባ፣ ኮሚቴ ሲቀየር ፋይሉ በፊርማ ይረካከብ። የመጀመሪያው ክረምት ሲወጣ ቀራጺውን ጠርታችሁ አብራችሁ ዙሩት፣ ስንጥቅ ወይ መዝመም ካለ በራሱ ወጪ ያስተካክል፣ ከሌለ ያቺን የቀረች 10 ከመቶ ሳታጓትቱ ክፈሉት።